ከመኪናው ሽቦ ጋር የተያያዘ ናቪጌሽን ባትሪ እንዳይጨርስ

ማታ በሰላም የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ፣ ጠቅ» ከማለት በቀር አልነሳ ሲል፣ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። አዲስ ባትሪ ተገዝቶም ችግሩ ከተደገመ ጥርጣሬው ወደ ዲናሞውና ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ከወር በፊት የተገጠመው ናቪጌሽን ግን ቁልፉ ሲነቀል ስክሪኑ አብሮ ስለሚጠፋ ማንም ልብ አይለውም። ስክሪኑ ጠፋ ማለት ግን መሣሪያው ከባትሪው ከረንት መሳብ አቆመ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ መሣሪያው መተኛቱን በዓይን ሳይሆን በመለኪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እዚህ ናቪጌሽን የምለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ጋርሚንና ቶምቶም ያለው፣ የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈውና የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው መሣሪያ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሽቦው እንዳይንጠለጠል ተብሎ ከሲጋራ መለኮሻው ተነቅሎ በዳሽቦርዱ ውስጥ በቀጥታ ከመኪናው መስመር ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው ደግሞ በሬዲዮው ቦታ የሚገባውና አዲስ አበባ ውስጥ በየቪትዙና በየኮሮላው የምናየው የአንድሮይድ ስክሪን ነው። አገጣጠማቸው ይለያያል፤ ባትሪ የሚጨርሱበት ምክንያት ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ስሌቱ

45 አምፔር-ሰዓት (አንድ አምፔር-ሰዓት ማለት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ የሚወጣው መጠን ነው) የተጻፈበት አዲስ ባትሪ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ያን ያህል ይይዛል እንጂ ሁሉንም አውጥቶ መኪና ማስነሳት አይችልም። ከ20 አምፔር-ሰዓት በላይ ከወጣበት በግማሽ ገደማ ስለሚወርድ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለገለ ከሆነ ሞተሪኖውን ለማዞር አቅም ያጥረዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናሰላው በ20 አምፔር-ሰዓት ነው።

መስታወት ላይ የሚለጠፍ ናቪጌሽን ስክሪኑ በርቶ ሲሠራ ወደ 5 ዋት ይጠቀማል። የመኪናውን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው መቀየሪያ የሚያባክነው ሲጨመር ከባትሪው የሚወጣው ወደ ግማሽ አምፔር ይጠጋል። 20ን ለግማሽ ሲያካፍሉት 40 ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ያቆሙት መኪና ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ወደ ሥራ ሊሄዱ ቁልፉን በሚያዞሩበት ሰዓት፣ እንቢ ይላል ማለት ነው። በአንጻሩ መሣሪያው ተነቅሎ መቀየሪያው ብቻ ቢቀር የሚስበው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፔር (የአምፔር ሺኛ) ስለሆነ፣ እሱ ብቻውን ባትሪ ለመጣል ከወር በላይ ይፈጅበታል። ስክሪኑ ጠፍቶ ውስጡ ያልተኛ አንድሮይድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ 200 ሚሊአምፔር ብቻ ቢስብ እንኳ በቀን 4.8 አምፔር-ሰዓት ስለሚወስድ አራት ቀን ይበቃዋል።

መኪናው ራሱም ቆሞ እያለ ይበላል። ሰዓቱ፣ የጸረ-ስርቆት ሥርዓቱ፣ የሪሞቱ ተቀባይና የኮምፒውተሩ ማስታወሻ በድምሩ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ፤ ይህ ጤናማ ነው። ናቪጌሽኑ የሚጨምረው በዚህ ላይ ነው። በአጭር ርቀት የሚመላለስና በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የሚውል መኪና ደግሞ ሌሊት የወጣበትን ቀን ላይ አይተካም፤ ፋሮው፣ ማራገቢያውና ዝናብ መጥረጊያው አብረው ሲሠሩ ዲናሞው ለባትሪው የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ያው አገጣጠም በአንዱ መኪና ላይ ለዓመት ያህል ችግር ሳያሳይ፣ በሌላው ላይ በሳምንቱ ሊታይ ይችላል።

ኃይሉን ከየት መውሰድ እንደሚገባ

በመኪና ውስጥ ያሉ መስመሮች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ። ቁልፉ ቢነቀልም ኃይል የማይለያቸው፣ ቁልፉ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ማለትም ወደ ኤሲሲ ሲዞር የሚከፈቱ፣ እንዲሁም ወደ ኦን ሲደርስ የሚከፈቱ ናቸው። ለናቪጌሽን ትክክለኛው መስመር ኤሲሲ ነው። ይህም የሆነው መስታወት ላይ የሚለጠፉት መሣሪያዎች ሞተር መጥፋቱን የሚያውቁበት ሌላ መንገድ ስለሌላቸው ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ኃይል ሲቋረጥ ስክሪኑ ላይ የመጥፊያ ቆጠራ ይጀምራሉ፣ ማንም ካልነካቸውም ይተኛሉ። ኃይሉ ካልተቋረጠ ግን መኪናው እየተነዳ እንደሆነ ቆጥረው ሌሊቱን በሙሉ ከሳተላይት ጋር ሲነጋገሩ ያድራሉ። «ሲነጋገሩ» አልኩ እንጂ በእርግጥ የሚያዳምጡት ብቻ ነው፤ ጂፒኤስ ወደ ሳተላይት የሚልከው ነገር የለም።

ችግሩ የሚፈጠረው ገጣሚው ለእጁ የቀረበውን ሽቦ ሲመርጥ ነው። የጣሪያው መብራት መስመር፣ በብዙ የጃፓን መኪኖች የፊውዝ ሳጥን ክዳን ላይ «ዶም» ተብሎ የሚጻፈው፣ ሁልጊዜ ኃይል አለው። የአደጋ ጊዜ መብራቱና የበር መቆለፊያው መስመርም እንዲሁ ናቸው። ሌላው ማሳሳቻ በመሪው ሥር የሚገኘው የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት ነው፤ 16ኛው ፒን በቀጥታ ከባትሪው ስለሚመገብ እዚያ ላይ የተሰካ ማንኛውም መሣሪያ ቁልፉ ቢነቀልም አይጠፋም። የሲጋራ መለኮሻውም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም፤ በአብዛኞቹ ቶዮታዎች ላይ ከቁልፉ ጋር አብሮ ይጠፋል፣ በአንዳንድ የአውሮፓና የአሜሪካ መኪኖች ላይ ግን እንደበራ ያድራል።

የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ጽሑፍ ማንበብ ጥሩ መነሻ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። መልቲሜትሩን፣ ማለትም ቮልትና ከረንት የሚለካውን መሣሪያ፣ በዲሲ ቮልት 20 ላይ ያድርጉና ጥቁሩን ጫፍ ቀለም በሌለው የመኪናው ብረት ላይ ይያዙ፤ ቀዩን ጫፍ በመረጡት ፊውዝ አናት ላይ በሚታየው ትንሽ ብረት ላይ ያሳርፉ። ቁልፉ ተነቅሎ 0 ቮልት፣ ኤሲሲ ላይ ደግሞ 12 ቮልት ገደማ ካሳየ የሚፈለገው መስመር እሱ ነው። ነገር ግን ቁልፉን ነቅለው ወዲያው አይፍረዱ። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች፣ በተለይም በቁልፍ ፋንታ በአዝራር በሚነሡት ላይ፣ የኤሲሲ መስመሩ ሞተር ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ወይም የሾፌሩ በር እስኪከፈት ድረስ ኃይል ይዞ ይቆያል። በሩን ከፍተው ዘግተው፣ መኪናውንም ቆልፈው ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለኩ።

መስመሩ ከተገኘ በኋላ የመኪናውን ሽቦ ልጦ በናስትሮ ከመጠቅለል ይልቅ ፊውዝ ታፕ የሚባለውን መጠቀም እመርጣለሁ። ይህ በፊውዙ ቦታ የሚሰካና ሁለት ፊውዝ የሚይዝ ትንሽ መያዣ ነው፤ በአንዱ የመኪናው የራሱ ፊውዝ፣ በሌላው ደግሞ የናቪጌሽኑ ፊውዝ ይገባል። ለናቪጌሽኑ ከ2 እስከ 3 አምፔር ይበቃል። አቅጣጫው ግን ወሳኝ ነው። የመኪናው ፊውዝ ተነቅሎ ኤሲሲ ላይ ሲለካ ከሁለቱ ቀዳዳዎች ኃይል የሚኖረው በአንዱ ብቻ ነው፤ ለሁለቱም ፊውዞች የጋራ የሆነው የታፑ እግር መግባት ያለበት እዚያ ላይ ነው። በትክክል መግባቱን ለማወቅ የመኪናውን ፊውዝ ከታፑ ላይ ነቅለው ናቪጌሽኑን ያብሩት፤ ከበራ አቅጣጫው ትክክል ነው፣ ካልበራ ግን የናቪጌሽኑ ከረንት በመኪናው ፊውዝ በኩል እያለፈ ስለሆነ ታፑን ነቅለው ገልብጠው ይሰኩት። ታፑን ከኤርባግ፣ ከፍሬን ኮምፒውተር ወይም ከሞተር ኮምፒውተር ፊውዝ ላይ ፈጽሞ አይስኩ፤ ሽቦውንም በጎን ምሰሶው በኩል ሲያሳልፉ እዚያ የተደበቀው ኤርባግ ሲነፋ በሚወጣበት ፊት አያሳልፉት።

ቢጫና ቀይ

የአንድሮይድ ስክሪን ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ምክንያቱም ሁለት የኃይል ሽቦ ይፈልጋል። በገበያ ላይ በሚሸጡት ስክሪኖች ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ካለው መስመር፣ ቀዩ ከኤሲሲ፣ ጥቁሩ ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል። ቢጫው ማስታወሻውን ያቆያል፣ ሲሠራም ዋናውን ከረንት ይሸከማል፤ ቀዩ የሚያደርገው «ተነሣ» ወይም «ተኛ» ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው። ታዲያ አንዳንድ ገጣሚ ደንበኛው «ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር ለመነሣት ይዘገያል» ብሎ ሲያማርርበት፣ ወይም ከአሮጌው ሬዲዮ ሽቦ ኤሲሲን መለየት ሲያቅተው፣ ቀዩንና ቢጫውን አብሮ ይጠመዝዛቸዋል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ «ተኛ» የሚል ትእዛዝ የሚሰማበት መንገድ አይኖርም። ሾፌሩ አዝራሩን ተጭኖ ስክሪኑን ያጨልመዋል፤ ውስጡ ግን ነቅቶ ያድራል።

ይህንን በገዛ መኪናዬ ነው የተማርኩት። አንድ ስክሪን አስገጥሜ በሦስተኛው ቀን መኪናው በጎረቤት ልጆች ግፊት ተነሣ፤ በሳምንቱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ሲደገም ባትሪው አርጅቷል ተብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም በአምስተኛው ቀን ተኛ። ሬዲዮውን አውጥቼ ስመለከት ቀዩና ቢጫው እንደ ጥንድ ሹሩባ ተገምደው አገኘኋቸው። የአዲሱን ባትሪ ዋጋ ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል፤ የሚያስፈልገው የአሥር ደቂቃ ሥራ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ስክሪን ካስገጠሙ፣ ወይም የተገጠመለት መኪና ከገዙ፣ ከሬዲዮው በስተኋላ ያለውን ይመልከቱ። ቀዩና ቢጫው ከተጣመሩ ለያይተው ቀዩን ከላይ በተገለጸው መንገድ በተገኘ የኤሲሲ መስመር ላይ ያገናኙ። ሁለቱ ተገልብጠው የተገናኙ ከሆነም ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ስክሪኑ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱና የተቀመጡ ጣቢያዎች ጠፍተው ይገኛሉ። ቀጥሎ ወደ ስክሪኑ ቅንብር ገብተው የእንቅልፍ ጊዜውን ይፈትሹ። ብዙዎቹ ስክሪኖች ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ለስንት ጊዜ በግማሽ እንቅልፍ እንደሚቆዩ የሚያስመርጥ ቦታ አላቸው፤ ቶሎ እንዲነሣ ሲባል ለቀናት እንዲቆይ ተደርጎ ከሆነ፣ መኪናዎን ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚያቆሙ ሰው ወደ ጥቂት ሰዓታት ወይም ወዲያው እንዲጠፋ ማውረድ ይኖርብዎታል። ጠዋት ላይ ከግማሽ ደቂቃ በላይ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ መኪና ከማስገፋት ግን ይሻላል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቢጫውንም ለምን ኤሲሲ ላይ አላደርገውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ማድረግ ይቻላል፤ ሲጠፋ አንድም ሚሊአምፔር አይስብም። ዋጋው ግን ማስታወሻው መጥፋቱ ነው። የጂፒኤስ ተቀባይ ሳተላይቶቹ አሁን የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ ይዞ ከቆየ በጥቂት ሰከንዶች ቦታውን ያገኛል፤ ይህ መረጃ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ያገለግላል። ሁሉ ነገር ከተደመሰሰበት የእያንዳንዱን ሳተላይት መረጃ ከሰማይ እንደገና መቀበል ይኖርበታል፤ አንዱ በ30 ሰከንድ ዑደት ሲተላለፍ የሁሉም አጠቃላይ ዝርዝር ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ወይም ምድር ቤት ውስጥ የሚያቆም ሰው ይህን መዘግየት በደንብ ያውቀዋል። ከዚህ ሌላ፣ ከኤሲሲ መስመር ላይ ዋናውን ከረንት መሳብ የዚያን መስመር ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። ስለሆነም ስክሪኑ በትክክል የሚተኛ ከሆነ ቢጫውን በቦታው መተው የተሻለ ነው።

መለካት

ሽቦው በትክክል ተገናኝቷል ማለት መሣሪያው ይተኛል ማለት አይደለም፤ የተበላሸ መቀየሪያ ወይም እንቅልፍ የማያውቅ ርካሽ ስክሪን ትክክለኛ ሽቦ ላይም ሆኖ ይስባል። ስለዚህ ከገጠማ በኋላ አንድ ጊዜ መለካት ግዴታ ነው እላለሁ።

የመልቲሜትሩን ቀይ ሽቦ 10 አምፔር የሚል ጽሑፍ ወዳለበት ቀዳዳ ያዛውሩና መምረጫውን ወደ ዲሲ አምፔር ያድርጉት። ኮፈኑንና የሾፌሩን በር ከፍተው የሁለቱንም መቆለፊያ ምላስ በካቻቪቴ ወደ ተዘጋበት ቦታ ይግፉት፤ መኪናው በሩ የተዘጋ ስለሚመስለው ይተኛል። በኋላ በሩን ከመዝጋትዎ በፊት ምላሱን መልሶ መክፈት እንዳይረሱ፣ አለዚያ መቆለፊያው ይጎዳል። ሬዲዮው የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነም ቁጥሩን አስቀድመው ይያዙ። ከዚያም የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ፈትተው መልቲሜትሩን በመካከል ያስገቡ፤ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው በተፈታው ገመድ ላይ ይሁን። በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ሞተር ለማስነሣት አይሞክሩ፣ ፋሮም አያብሩ፤ ሞተሪኖው ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ የመልቲሜትሩ ፊውዝ በቅጽበት ይቃጠላል።

መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር ትልቅ ነው፤ አያስደንግጥዎ። ኮምፒውተሮቹ ለመተኛት ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል። ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ሥራው አብቅቷል። ከዚያ በላይ ከሆነ የናቪጌሽኑን ፊውዝ ይንቀሉ፤ ንባቡ ወዲያው ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል፣ የወረደውም ልዩነት መሣሪያው የሚስበው ነው። ካልወረደ ግን ናቪጌሽኑ ያለ ጥፋቱ ተጠርጥሯል ማለት ስለሆነ ሌሎቹን ፊውዞች ተራ በተራ እየነቀሉ መፈለግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሻንጣ ክፍል መብራት ወይም ከናቪጌሽኑ ጋር አብሮ የተገጠመ ካሜራ ነው።

ባትሪውን መፍታት ለማይፈልግ ሰው ሌላ ብልሃት አለ። ማንኛውም ፊውዝ ከረንት ሲያልፍበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል እጅግ ጥቂት ቮልት ይፈጠራል። መልቲሜትሩን በሚሊቮልት ላይ አድርገው በፊውዙ አናት ላይ የሚታዩትን ሁለት ነጥቦች ይንኩ፤ በ10 አምፔር ሚኒ ፊውዝ ላይ 1 ሚሊቮልት ማለት ወደ 130 ሚሊአምፔር አካባቢ ማለት ነው። ፍጹም 0.0 ካሳየ በዚያ መስመር የሚፈስ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ለዚህ ግን የሚሊቮልት አንድ አሥረኛ የሚያነብ መልቲሜትር ያስፈልጋል።

የኤሲሲ መስመር ሲጠፋ ወይም ደካማ ሲሆን

በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ላይ አስተማማኝ የኤሲሲ መስመር አይገኝም፤ ወይም ያለው መስመር በሌላ ዕቃ ተጨናንቋል። መፍትሔው ባለ አራት እግር ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን ከረንት የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። 30 ቁጥር ከባትሪው በፊውዝ በኩል፣ 87 ወደ ናቪጌሽኑ፣ 86 ካለው የኤሲሲ መስመር (ከሌለም ኦን ላይ ከሚከፈት መስመር)፣ 85 ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል። የሪሌው ጥቅል ሽቦ ራሱ ወደ 150 ሚሊአምፔር ስለሚስብ 86 በስሕተት ሁልጊዜ ኃይል ካለው መስመር ላይ ከዋለ፣ ባትሪ እንዲያድን የገባው ሪሌ ራሱ ባትሪ ጨራሽ ይሆናል።

ቮልት ሲወርድ ኃይል የሚቆርጡ መሣሪያዎችም ይሸጣሉ፤ በተለይ መኪና ቆሞም መሥራት ላለበት ካሜራ ይጠቅማሉ። ለናቪጌሽን ግን ትርፍ ወጪ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ካለዎት መቁረጫውን በ11.6 ቮልት ላይ አይተዉት። እረፍት ላይ ያለ ባትሪ 12.6 ቮልት ሲሆን ሙሉ፣ 12.2 ሲሆን ግማሽ፣ 12 ሲሆን ሩብ ገደማ ስለሆነ፣ በ11.6 የሚቆርጥ መሣሪያ የሚቆርጠው ባትሪው ካለቀ በኋላ ነው። ከ12.2 በታች አያውርዱት፤ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ክረምት መኪናቸውን ደጅ የሚያሳድሩ ደግሞ 12.4 ያድርጉት፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ካለው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ያጣል፣ የወፈረው የሞተር ዘይት ደግሞ ከሞተሪኖው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ፣ ለምሳሌ ከውጭ አገር ለገናና ለጥምቀት መጥተው አንድ ወር የሚቆዩ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ የናቪጌሽኑን ፊውዝ ብቻ መንቀል አይበቃም፤ የመኪናው የራሱ 50 ሚሊአምፔር በወር 36 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል። ኔጌቲቩን ፈትቶ ከባትሪው ራቅ አድርጎ ማሰር ይሻላል።

ባትሪው አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ከነበረ ከሌላ መኪና በኬብል አስነሥቶ መንዳት አይመልሰውም። በቻርጀር ከ4 እስከ 5 አምፔር በሆነ ቀስ ያለ ሙሌት ሌሊቱን ይሙላ፤ ከቻርጀሩ ከተለየ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ካልቆየ፣ ሽቦው ቢስተካከልም ባትሪው ተጎድቷል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ በትንሽ ወረቀት ላይ ናቪጌሽኑ የተወሰደበትን የፊውዝ ስም፣ የገባውን ፊውዝ መጠን፣ መኪናው ሲተኛ የለኩትን ሚሊአምፔርና ቀኑን ጽፈው በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን የውስጥ ገጽ ላይ ይለጥፉት። ከዓመት በኋላ ባትሪው ቢወርድ ኤሌክትሪሻኑ ዳሽቦርዱን ከመፍታቱ በፊት ያንን ቁጥር ዛሬ ከሚለካው ጋር ያስተያየዋል።